የቅዳሜው ቀያሽ ፈቃድ አለው?

ይህ አምድ የፍቅርና የትዳር ጥያቄ ሲጎርፍበት የኖረ ስለሆነ «ደግሞ ስለ መሬት ልኬት ምን አገባችሁ?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ግን የመጣው ከዚያው ከትዳር ቤት ነው። ስሟ እንዳይጠቀስ የለመነችን እህታችን እንዲህ ትላለች፦

«ባለቤቴ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ቀያሽ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ እዚያ ይውላል። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ የግል ሥራ አለኝ ብሎ በጠዋት ይወጣል። ሲመሽ ጫማው ጭቃ ለብሶ፣ ኪሱ ግን ገንዘብ ይዞ ይመጣል። የልጆቻችን ትምህርት ቤት የሚከፈለው ከዚያ ነው፤ አልዋሽም። በቀደም ግን አንድ የማላውቀው ሰውዬ በራችን ድረስ መጥቶ ‹ባልሽ የለካው ልክ አይደለም፤ አጥሬ ሊፈርስብኝ ነው፤ የት ነው ያለው?› እያለ ጮኸብኝ። ባለቤቴ ሲመጣ ‹ለመሆኑ የግል ሥራ ለመሥራት ፈቃድ አለህ?› ብዬ ብጠይቀው ‹ዲግሪ አለኝ እኮ! የምን ፈቃድ?› ብሎ ተቆጣኝ። እውነት ዲግሪ ካለ ፈቃድ አያስፈልግም? ወይስ እየዋሸኝ ነው?»

ደብዳቤው ወደ እኔ የተመራው በቅየሳ ሥራ ረጅም ዓመት በመቆየቴ ነው።

የኔ እህት፣ ባለቤትሽ ዋሽቶሻል ለማለት አልደፍርም፤ ብዙ የሙያ ጓደኞቹ እንደሱ ነው የሚያስቡት። መልሱ ግን ዲግሪ ፈቃድ አይደለም ነው። ዲግሪ ማለት ሰውየው ሙያውን ተምሯል ማለት ነው። ፈቃድ ማለት ደግሞ ለሠራው ሥራ የሚጠየቅ ሰው፣ የሚገኝበት አድራሻና ማኅተም አለ ማለት ነው። መኪና መንዳት የሚችል ሁሉ መንጃ ፈቃድ የለውም፤ ትራፊክ ሲያስቆመውም «እችላለሁ እኮ» ብሎ አያልፍም። በቅየሳ ላይ ችግሩ መንገድ ዳር የሚያስቆም ትራፊክ አለመኖሩ ነው። ስህተቱ የሚታወቀው ከዓመታት በኋላ፣ አጥሩ ታጥሮ፣ ቤቱ ተሠርቶ፣ ሰው ከሰው ተቀያይሞ ነው።

ምን ማለቴ እንደሆነ እንዲገባችሁ የማውቃቸውን የአንዲት እናት ታሪክ ላጫውታችሁ። ባለቤታቸው ሲያርፉ ከከተማው ዳር አንድ ይዞታ ተረፈ። ልጆቹ ሁለት ናቸው፤ አንድ ወንድ፣ አንድ ሴት። ሽማግሌ ተቀምጦ እኩል ይካፈሉ ተባለ። «ቀያሽ ይምጣ» ሲባል ሴቷ ልጅ ለሰፈሩ ደላላ ነገረች፤ እሱም በማግሥቱ ቅዳሜ አንድ ወጣት ይዞ ከች አለ። ልጁ ጨዋ ነው። «እማማ» ብሎ ጉልበት የሚስም ዓይነት። ከቦርሳው መዳፍ የምታክል ጂፒኤስ አወጣ፣ አራቱን ማዕዘን እየዞረ ቁጥር ጻፈ፣ መሃል ላይ ችካል አስመታ። ከዚያ በአንድ ሉክ ወረቀት ላይ ሥዕል ሠርቶ ሰጠ። ማኅተም የለ፣ ቀን የለ፣ ፊርማ የለ፤ ስሙ እንኳ የለበትም። ገንዘቡን ተቀበለ፣ ቡናውን ጠጣ፣ ሄደ።

ሴቷ ልጅ ዓመት ሳይሞላ በችካሉ መስመር ላይ በብሎኬት አጠረች። ከሁለት ዓመት በኋላ ይዞታ ለማረጋገጥ የመጡ ባለሙያዎች በትልቁ መሣሪያ ሲለኩት አጥሩ ወደ ወንድሟ ድርሻ ሁለት ሜትር ከሰላሳ ገብቶ ተገኘ። «ሁለት ሜትር ምን አላት?» እንዳትሉ። ወሰኑ 20 ሜትር ርዝመት አለው፤ ስለዚህ 46 ካሬ ሜትር ማለት ነው። በ46 ካሬ ላይ ሁለት ክፍል ቤት ከነኩሽናው ይሠራል።

ወንድም እህቱን «ሆን ብለሽ ነው፤ ቀያሹን ያመጣሽው አንቺ ነሽ» አላት። እሷም «ቆመህ እያየህ አይደል የተለካው?» አለችው። ቃል ቃልን እየወለደ ሄዶ መነጋገር አቆሙ። እናትየው በዚያ ዓመት ለፋሲካ ሁለት ድስት ዶሮ ሠርተው አንዱን ወደ ሴት ልጃቸው፣ ሌላውን ወደ ወንዱ ቤት ላኩ፤ ልጆቹ ከአንድ መሶብ አንቀርብም ስላሉ። «እኔስ ከየትኛው ጋር ልግደፍ?» ብለው ሲጠይቁኝ የምመልሰው አጣሁ።

ቀያሹስ? ስልኩ አይሠራም። ደላላው «እኔ አገናኘሁ እንጂ አልለካሁ» አለ። ጠበቃ ዘንድ ሲሄዱ ጠበቃው ወረቀቱን ገልብጦ አየና «ማንን ነው የምትከሱት?» አላቸው። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህች ጥያቄ ላይ ነው። ፈቃድ ያለው ቀያሽ አይሳሳትም እያልኩ አይደለም፤ ይሳሳታል። ሲሳሳት ግን የሚከሰስ ስም አለው።

ልጁን ሌባ ነው ብዬ ልፈርድበት አልችልም። ሲሆን ሲሆን በያዘው መሣሪያ የተቻለውን አድርጓል። በእጅ የሚያዘው ጂፒኤስ መንገድ ለማግኘት ጥሩ ነው፤ በብዙ ሜትር ሊሳሳት እንደሚችል ግን የሠሪው መመሪያ ራሱ ይናገራል። በእንዲህ ያለ ዕቃ በወንድምና በእህት መካከል ወሰን አይቆረጥም። ለዚያ ሥራ ከታወቀ ነጥብ ተነስቶ የሚለካ ቶታል ስቴሽን ወይም በሴንቲሜትር የሚያርም ሁለት ራስ ያለው ጂፒኤስ ነው የሚያስፈልገው።

እግረ መንገዴን ሌላም ጉድ ልንገራችሁ። ካርታችሁ ላይ ኤክስና ዋይ እየተባለ የተጻፈውን ቁጥር በሞባይላችሁ ላይ መትታችሁ ቤታችሁን ስትፈልጉ ሰው ግቢ ወይም ወንዝ ውስጥ የሚያሳያችሁ አላችሁ። አትደንግጡ፤ መሬታችሁን ማንም አልወሰደውም። ብዙዎቹ የቆዩ ካርታዎቻችን የተሠሩት አዲንዳን በሚባል የልኬት መነሻ ነው። ሞባይል የሚጠቀመው ደግሞ ለዓለም ሁሉ የወጣውን ሌላ መነሻ ነው። በአገራችን ሁለቱ የሚለያዩት በ200 ሜትር ገደማ ነው። ይህን ልዩነት ሳያውቅ ወሰን የሚለካ ሰው ሲገጥማችሁ ሒሳቡን ከፍላችሁ በሰላም ሸኙት፤ ችካል ግን አታስመቱት።

ለነገሩ በመሬት ልኬት ላይ ጥርጣሬ ዛሬ አልተጀመረም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን መሬት በቀላድ ሲለካና በጋሻ ሲቆጠር አንድ ጋሻ ወደ 40 ሄክታር ነው ይባል እንጂ ከቦታ ቦታ ልኩ ይለያይ ነበር። ገመድ ነውና ሲረጥብና ሲደርቅ አንድ አይደለም። ገመዱን የያዘው ሰው እጅ ሲላላና ሲጠብቅማ አይወራ።

ወደ ፈቃዱ እንመለስ። አንድ ቀያሽ በግሉ ሰርቶ ገንዘብ ለመቀበል የሚያስፈልገው አንድ ወረቀት ብቻ አይደለም። መጀመሪያ ትምህርቱና የሥራ ልምዱ ታይቶ ሥልጣን ካለው መሥሪያ ቤት የሚሰጥ የሙያ ብቃት ማረጋገጫ አለ። እሱን ይዞ ደግሞ ወደ ንግድ ቢሮ ይኬዳል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980 የጸና የንግድ ሥራ ፈቃድ ሳይኖር መነገድን ይከለክላል፤ የማማከር አገልግሎትም ፈቃድ የሚወጣበት ሥራ ነው። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና ደረሰኝም ያስፈልጋሉ። በዚያው ዓመት የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ከአገልግሎት ክፍያ ላይ 2 በመቶ ተቀንሶ ይቀር የሚለውን፣ መለያ ቁጥር የሌለው ሻጭ ሲሆን ወደ 30 በመቶ ከፍ አድርጎት ነበር። አዋጁ ከዚያ ወዲህ ቢሻሻልም ለምን ድርጅቶች ያለ ደረሰኝ የሚሠራ ቀያሽ እንደሚሸሹ ከዚህ ይገባችኋል። ወደ የቅዳሜው ቀያሽ የሚሄደው ሥራ የግለሰብ፣ ያውም የማያውቅ ግለሰብ የሆነው ለዚህ ነው።

ሦስተኛው ጉዳይ ብዙዎች የሚረሱት ነው፤ ቀጣሪው። የብቃት ማረጋገጫና የንግድ ፈቃድ ቢኖር እንኳ ሌላ ቦታ ተቀጥሮ ደመወዝ የሚበላ ሰው ቀጣሪው ሳያውቅ የግል ሥራ ልያዝ ቢል ይወድቃል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 515 ሠራተኛው መላ ጉልበቱንና ችሎታውን ለሕዝብ አገልግሎት የማዋል ግዴታ ጥሎበት ነበር። ያ አዋጅ በሌላ ተተክቷል፤ ክልሎችና ከተሞችም ለሠራተኞቻቸው የየራሳቸው ሕግ አላቸው። ስለዚህ ባለቤትሽ መጀመሪያ የሚያነበው የራሱን መሥሪያ ቤት ደንብ ነው። ይቻላል የሚል ካገኘ በጽሑፍ ይጠይቅ፣ በጽሑፍ ይቀበል። አለቃ በቃል «ችግር የለም፣ ሥራ» ቢለው አለቃ ይቀየራል።

አሜሪካ ከቅየሳ ቡድን ጋር የሚሠራ የእህቴ ልጅ ስለዚሁ ጉዳይ ሲያጫውተኝ ገርሞኛል። እዚያ ፈቃዱን የሚሰጠው እያንዳንዱ ግዛት ነው፤ የሜሪላንዱ ፈቃድ ቨርጂኒያ አያሠራም። ፈተና አለ፣ ፈቃድ ባለው ቀያሽ ሥር ዓመታት መሥራት አለ፣ እንደገና ፈተና አለ። እሱ መሣሪያውን ከማንም አሳንሶ አይነካም፤ ግን ቅዳሜ ዕለት የጎረቤቱን ወሰን በገንዘብ ቢለካ ያለ ፈቃድ መሥራት ይባልና ይቀጣል። አለቃው ደግሞ ባለ ፈቃድ ነው፤ እሱም ቢሆን የግል ሥራ ሊይዝ ሲፈልግ የሚቀጥረውን ድርጅት ማስፈቀድ አለበት። ሁለቱ ጥያቄዎች ለየብቻ ናቸው፤ የአንዱ መልስ ለሌላው አይሆንም።

እዚህ ላይ «አንተ አሁን ጠግበህ ነው፤ የወጣት ቀያሽ ደመወዝ ታውቃለህ?» የሚሉኝ አሉ። አውቃለሁ። አንድ ልጅ ፊት ለፊት «ጋሼ፣ ደመወዜ የቤት ኪራይ ከፍሎ ለታክሲ አይተርፈኝም፤ ታዲያ ልስረቅ?» ብሎኛል። ልጁ እውነቱን ነው። እኔም ቅዳሜ ቁጭ በል አላልኩትም። ሥራውን ለይ ነው ያልኩት።

ለቤት ንድፍ የመሬት ተዳፋት መለካት፣ ለግንበኛ የመሠረት መስመር ማውጣት፣ የእርሻ ስፋት ማስላት አንድ ዓይነት ነው። ስህተት ቢፈጠር ኪሣራው የገንዘብ ነው፤ በሥርዓቱ ፈቃድ ባለው ቢሮ ሥር ሆኖ፣ መሥሪያ ቤቱም አውቆት ቢሠራ አይከፋም። ወሰን መለየትና ውርስ ማካፈል ሌላ ነው፤ እዚያ ላይ ያለ ማኅተም እጅ ማስገባት የሰው ቤተሰብ ውስጥ እሳት መጣል ነው። ሦስተኛው ደግሞ ስሙ የጎን ሥራ ሆኖ ግብሩ ሌላ የሆነ ነው። ቅዳሜ በገንዘብ የለካው ፋይል ሰኞ እሱ ጠረጴዛ ላይ የሚመጣ ቀያሽ አለ። ቅዳሜ ለካ፣ ሰኞ «ትክክል ነው» ብሎ ፈረመ። ባለጉዳዩም የከፈለው ለልኬቱ ሳይሆን ለሰኞው ፊርማ እንደሆነ ልቡ ያውቃል። ይሄ ጉቦ ነው፤ ምን ማሽሞንሞን ያስፈልጋል? በ2007 ዓ.ም. የወጣው የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881 የመጣው ሥልጣኑን ለጥቅም ለሚያውል ሰው ነው፤ «ትርፍ ሰዓቴ ላይ ነበርኩ» የሚለው መከላከያ አያድንም። እህቴ፣ ባለቤትሽን አጥብቀሽ መጠየቅ ያለብሽ ይህንኑ ነው። የሚለካቸው ሰዎች ጉዳይ እሱ ቢሮ ይመጣል ወይስ አይመጣም? ይመጣል ካለሽ የልጆቹን ትምህርት ቤት ቀይሩ እንጂ በዚያ ገንዘብ አትክፈሉ።

የመሣሪያውም ነገር አለ። የቢሮው ቶታል ስቴሽን ዓርብ ማታ በጨርቅ ተሸፍኖ ሲወጣ፣ ሰኞ ጠዋት ሲመለስ ብዙ አይቻለሁ። ዋጋው ብዙ መቶ ሺህ ብር ነው። አንድ ልጅ በእሁድ ሥራ ላይ እያለ የባለቤቱ ጥጃ የሦስት እግር ማቆሚያውን ገፍታ መሣሪያውን አፈጠፈጠችው። ላቡን ጠርጎ ሰኞ ወደ ቦታው መለሰውና ዝም አለ። ሌሎቹ በዚያ መሣሪያ ለሳምንታት የመንግሥት ሥራ ለኩበት፤ ሁሉም ተዛነፈ። ሲታወቅ ልጁ ከሥራም ተባረረ፣ ከደመወዙም ተቆረጠ። ጥጃይቱን የሚከስ አልነበረም።

አንዳንዶቹ መላ ብለው የያዙት ፈቃድ መከራየትን ነው። ፈቃድ ያለው ሰውዬ ቢሮው ተቀምጦ ቦታውን ሳያይ፣ የቅዳሜው ልጅ ባመጣለት ሥዕል ላይ ማኅተሙን ያሳርፋል፤ ግማሹን ይወስዳል። ይህ ከሁሉም የከፋ ይመስለኛል። የቅዳሜው ወረቀት ባዶ መሆኑ ቢያንስ ይታያል፤ ይሄኛው ግን ማኅተም ስላለው ባለይዞታውን ያሳምናል። ትክክለኛው መንገድ ባለ ፈቃዱ ቢሮ ልጁን በግልጽ በቀን ሒሳብ ቀጥሮት፣ ራሱ ቦታው ድረስ ሄዶ አረጋግጦ፣ በራሱ ስም ሲፈርም ነው።

በር ላይ መጥቶ ስለጮኸው ሰውዬ ደግሞ ልመክርሽ። ባልሽ ስልኩን አይዝጋ። ይደውልለት፤ አዋሳኞቹ ባሉበት፣ በደኅና መሣሪያ እንደገና ይለካለት። ስህተቱ የእሱ ሆኖ ከተገኘ አጥሩ ሳይፈርስ በሽምግልና የሚያልቅበት ዕድል ብዙ ነው፤ ጎረቤትየው መሬቱን በልኩ ካገኘ የሰው ብሎኬት ማፍረስ ብዙም አይጣፍጠውም። ፍርድ ቤት ከተደረሰ በኋላ ግን «ፈቃድ ነበረህ?» የሚለው የመጀመሪያው ጥያቄ ነው የሚሆነው።

ቀያሽ ልትጠሩ ያሰባችሁ አንባቢዎች፣ አንድ ነገር አስቀድማችሁ እወቁ። በግል የተሠራ ልኬት፣ ማኅተም ቢኖረውም፣ የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ አይሆንም። የከተማ መሬት ይዞታ ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 818 በ2006 ዓ.ም. ሲወጣና ደንብ ቁጥር 323 እና 324 ሲከተሉት ወሰን የሚጸናበት መንገድ ተቀምጧል። ማስረጃ ይቀርባል፣ ባለይዞታው ወሰኑን ያሳያል፣ ውጤቱ ለሕዝብ ይፋ ሆኖ ቅሬታ ያለው ይሰማል። የግል ቀያሽ ለዚያ ሊያዘጋጃችሁ፣ ስህተት ካለ ቀድሞ ሊያሳያችሁ ይችላል። «ካርታውን እኔ አወጣልሃለሁ» የሚላችሁ ካለ ግን የሚሸጥላችሁ ልኬት ሳይሆን ሰው ነው።

ሲመጣ ደግሞ አትፈሩት። ብቃት ማረጋገጫህን አሳየኝ፣ የንግድ ፈቃድህ ዘንድሮ ታድሷል ወይ በሉት። ሌላ ቦታ ተቀጥሮ ከሆነ የት እንደሆነ ጠይቁ። ጨዋ ባለሙያ በዚህ አይቀየምም፤ የተቀየመ ቢሄድ ይሻላችኋል። ከመለካቱ በፊት አዋሳኞቻችሁን ጥሩ፤ ሳያዩ የተመታ ችካል ሌሊት ይነቀላል። ዋጋውን በጽሑፍ ተዋዋሉ፤ ቀብድ ስጡ እንጂ ሁሉንም አትክፈሉ።

«ፈቃድ ያለው ይወደዳል» የሚለው ቅሬታ በብዙ ስልክ ደርሶኛል። አዎ ይወደዳል፤ ቢሮ ይከራያል፣ ግብር ይከፍላል፣ መሣሪያውን ያስፈትሻል። ቀሪውን ስትከፍሉ ታዲያ ሥዕሉን ብቻ ይዛችሁ አትግቡ። የማዕዘኖቹን ቁጥር፣ ከየትኛው ነጥብ ተነስቶ እንደለካ፣ በአዲንዳን ይሁን በሌላው መነሻ፣ የተለካበትን ቀንና የመሣሪያውን ዓይነት አንድ ገጽ ላይ አስጽፋችሁ፣ ስሙን ሙሉ ከነአያቱ አስፈርማችሁ ተቀበሉ። አንዱን ቅጂ ካርታችሁ ካለበት ፖስታ ውስጥ፣ ሌላውን ዘመድ ቤት አስቀምጡ።